ሴንሰሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን ጠይቁት፦ የካምሻፍት ሴንሰር መስመር አፈታተሽ

ጥቅምት ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ የሚገባበት ሰሞን። አንድ ሹፌር ቪትዙን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና አበደችብኝ» አለኝ። ከተማ ውስጥ ስትሠራ ምንም አትል። ጣርማበርን ተሻግራ፣ ደብረ ሲናን አልፋ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ግን የቼክ ኢንጅን መብራቷ ይበራል። ሸዋ ሮቢት ቆማ ለመነሳት ደግሞ ታስለምናለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ በስንት መከራ ይነሳል። ማታ ደብረ ብርሃን ስትገባ እንደገና ጨዋ ናት፤ በአንድ ቁልፍ እሺ ትላለች።

መኪናዋ የመዘገበችውን የብልሽት ኮድ አስነብቧል። ፒ0340። ያነበበለት ሰው «የካምሻፍት ሴንሰር ነው» አለው። ገዛ፣ አስቀየረ። በሳምንቱ መብራቱ ተመለሰ። «የገዛኸው ፎርጅድ ነው» ተባለ። ሌላ ገዛ። ያው። እኔ ጋ ሲመጣ የተፈቱትን ሁለት ሴንሰሮች በፌስታል አንጠልጥሎ ነበር።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ፒ0340 «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አይልም። «የካምሻፍት ሴንሰሩ መስመር ላይ ችግር አለ» ነው የሚለው። መስመር ማለት ደግሞ ሴንሰሩ ብቻ አይደለም። ሶኬቱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ማሳው (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ነጋቲቭ የሚመለስበት) አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው አለ፣ ምልክቱን የሚቀበለው ኢሲዩ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር አለ። ከነዚህ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛው ሴንሰሩ ስለሆነ ሁሉም እሱ ላይ ይረባረባል።

የቪትዟን ጉድ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሥራውን።

ይሄ ሴንሰር ምን ይሠራል?

ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት፣ ሽማግሌ መካኒኮች ኮሎ የሚሉት (የደብረ ሲናውን ቆሎ አላልኩም)፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ጊዜ ይዞራል። ፒስተኑ በሁለቱ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። አንዱ ነዳጅ ሊቃጠል ሲል ነው፤ ሌላው ጭስ ወጥቶ ሲያልቅ። የክራንክሻፍቱ ሴንሰር ብቻውን ሁለቱን አይለያቸውም። የትኛው እንደሆነ ለኢሲዩ የሚነግረው የካምሻፍቱ ሴንሰር ነው። ኢሲዩም በዚያ ተመርቶ ነዳጁን ለየሲሊንደሩ በተራ ይረጫል፣ የቫልቭ ሰዓቱ የሚስተካከልበት ሞተር ከሆነም እሱን ይቆጣጠራል።

ምልክቱ ሲጠፋ የሚሆነው እንደ መኪናው ነው። ብዙዎቹ በክራንክሻፍቱ ሴንሰር ብቻ እየገመቱ ይሠራሉ። ለመነሳት ይዘገያሉ፣ ጉልበት ያንሳቸዋል፣ ነዳጅ ይጨምራሉ። አንዳንዶቹ ጨርሰው አይነሱም። እየሄዱ ቀጥ የሚሉም አሉ።

አሮጌው ሚኒባስ፣ መርጫ ፓምፑ በሜካኒክ የሚሠራው ናፍጣ፣ ይሄ ሴንሰር የለውም። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ አይመለከተውም። በዚህስ የታደለ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

ዲጂታል ቴስተር፣ ኮድ ማንበቢያ፣ ቀጭን የልብስ መርፌ ወይም ስፒል፣ የ10 ቁልፍ፣ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ፣ ባትሪ መብራት፣ ትንሽ አምፖል ሽቦ የተበየደለት። የፀጉር ማድረቂያ ከቤት ካለ አምጡ፤ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ኮድ ማንበቢያው ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚሠራው ርካሹም ይበቃል። ግን ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቪትዞችና ኮሮላዎች አንዳንዴ በርካሹ እምቢ ይላሉ። ያኔ የቶዮታን ፕሮቶኮል የሚያውቅ ማሽን ያለው ጋራዥ ሄዶ ማስነበብ ነው።

ሶኬት ለማጽዳት አረቄ ሲጠቀሙ ያየኋቸው አሉ። አረቄ ለብርዱ ነው፤ ለሶኬቱ ስፕሬዩን ግዙለት።

አንደኛ፦ ኮዱን ጻፉት፣ አታጥፉት

ሰው ኮድ ሲያነብ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጥፋት ነው። ተዉ። ኮዱ ሲመዘገብ ኢሲዩ አብሮ የዚያን ቅጽበት ሁኔታ ይይዛል። ማሽኑ ላይ ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። የሞተሩ ሙቀት ስንት ነበር፣ ዙሩ ስንት ነበር፣ መኪናው እየሄደ ነበር ወይስ ቆሞ፣ ሁሉም አለበት። ብታጠፉት አብሮ ይጠፋል። በስልክ ፎቶ አንሱት።

ቁጥሮቹም አንድ አይደሉም። ፒ0340 ባጠቃላይ የመስመር ችግር ነው። ፒ0341 ምልክቱ እየመጣ ነው ግን የማይሆን ምልክት ነው ማለት ነው። ፒ0342 ምልክቱ ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ ሽቦው ማሳ ነክቷል። ፒ0343 ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ማሳው ጠፍቷል። ፒ0344 የሚመጣ የሚሄድ ችግር ነው። ፒ0016 አብሮ ካለ ቆም በሉ። ካምሻፍቱና ክራንክሻፍቱ እርስ በርስ አልተጣጣሙም እያለ ነው፤ ነገሩ ከሽቦ ይልቅ ወደ ታይሚንግ ሰንሰለቱ ሊያመራ ይችላል። ፒ0335 ካያችሁ ደግሞ እሱ የክራንክሻፍቱ ሴንሰር ነው፣ ሌላ ሰፈር።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ላይ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የአየር ግፊቱ 72 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ቢያሳያችሁ እንዳትደነግጡ። ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈው መጽሐፍ 100 ይላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አለፍ ብላ ነው ያለችው፤ አየሩ ቀጭን ነው። ሴንሰሩ አልታመመም። በዚህ ምክንያት ደህና የአየር ሴንሰር ሲቀየር አይቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ባትሪና ማሳ

ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ መዝለል አይቻልም። በጠዋቱ ውርጭ ባትሪ ይደክማል። የደከመ ባትሪ ሞተሪኖውን ሲያዞር ቮልቱ ይወርድና ኢሲዩ ምልክቱን በትክክል አያነብም። ከዚያ የሌለ የሴንሰር ኮድ ይጽፋል።

ያደረ ባትሪ 12.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ይሁን። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች አይውረድ። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላ 13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ይሁን። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሞተሪኖውን አስነሱ። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ የሞተሩ ማሳ ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል። መጀመሪያ እሱን አጽዱ፣ አጥብቁ። ኮዱ በዚሁ የጠፋላቸው አሉ።

ሦስተኛ፦ በዓይን

ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጫፍ ላይ ወይም የቫልቩ ክዳን ላይ በአንድ የ10 ብሎን ተይዞ ይገኛል። ሁለት ካምሻፍት ያለው ሞተር ሁለት ሴንሰር ሊኖረው ይችላል። የትኛውን እንደሚል ከኮዱ ለዩ። ፒ0340 አንደኛውን፣ ፒ0365 ሌላውን ነው የሚለው።

ሶኬቱን ንቀሉና ውስጡን በባትሪ መብራት እዩ። ዘይት አለ? አረንጓዴ ዝገት አለ? የታጠፈ ፒን አለ? የጎማ ማሸጊያው በቦታው አለ? ሞተሩ በቅርቡ በግፊት ውኃ ታጥቦ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን እዚያ ጀምሩ።

ከዚያ ሽቦውን ተከትላችሁ ሂዱ። የሚሞቅ ነገር የሚነካበት፣ የብረት ጠርዝ የሚፈገፍግበት፣ ቀድሞ ተቆርጦ በቴፕ የተጠቀለለበት ቦታ ካለ ፍቱት። በተለይ የቫልቩ ክዳን ጓርኒሲዮን ተቀይሮ ከሆነ ሽቦው ወደ ነበረበት መያዣ ሳይመለስ ይቀራል። አይጥንም አትርሱ። ከጭድና ከእህል አጠገብ የሚያድር መኪና ለአይጥ ሞቅ ያለ ቤት ነው፤ ብርድ ሲጠና ወደ ሞተሩ ትገባለች፤ ሥራ ስትፈታ ሽቦ ትበላለች። መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ ከሚመጡ መኪናዎች ኮፈን ሥር የአይጥ ጎጆ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

አራተኛ፦ ሽቦውን ቁጠሩ

ሴንሰሩ ላይ ስንት ሽቦ ገባ? ሁለት ወይስ ሦስት? የምትለኩት ነገር በዚህ ይለያያል። ሁለቱን እያደባለቁ መለካት ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ሁለት ሽቦ ከሆነ በውስጡ ማግኔትና የተጠቀለለ ሽቦ ያለው ነው። ኤሌክትሪክ አይሰጠውም፤ ከካምሻፍቱ ጋር የሚዞረው ጥርስ ባጠገቡ ሲያልፍ ራሱ ያመነጫል። ሦስት ሽቦ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሆል የሚባለው ዓይነት ነው። አንዱ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፣ አንዱ ማሳ ነው፣ አንዱ ምልክቱን ይወስዳል።

አምስተኛ፦ ሦስት ሽቦ ያለው

ሶኬቱን ንቀሉ። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን አታስነሱ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ ላይ አድርጉ። ቀዩን በሽቦው በኩል በመጣው ሶኬት፣ ከኋላ በመርፌ እየገባችሁ በየፒኑ ለኩ። ከፊት ወፍራሙን የቴስተር ጫፍ አትጎስጉሱበት። ይሄን አስምሩበት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የኤሌክትሪኩ ሽቦ እንደ መኪናው 5 ወይም 12 ቮልት ያሳያል። የማሳው ሽቦ ዜሮ ያህል ነው። የምልክቱ ሽቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት አካባቢ፣ በአንዳንድ መኪና 12 ያሳያል። እዚህ ላይ ሰው ግራ ይጋባል። «ሴንሰሩ ተነቅሎ እያለ የምልክቱ ሽቦ ቮልት ከየት አመጣ?» ይላል። የሚልከው ኢሲዩ ነው። ሴንሰሩ ሥራው ያንን ቮልት ወደ ማሳ እየሳበ መልቀቅ ነው። ቮልቱ ከፍ ዝቅ ሲል ኢሲዩ ያንን ይቆጥራል።

እንግዲህ ከሦስቱ የጎደለውን አግኙ።

የኤሌክትሪኩ ሽቦ ላይ ምንም ከሌለ፣ 12 ቮልት የሚጠቀም ከሆነ ፊውዙን እዩ። 5 ቮልት የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ አንድ ብልሃት አለ። ያቺ 5 ቮልት ብዙ ጊዜ ለሌሎች ሴንሰሮችም የምትሄድ ናት። አንዱ ውስጡ ከተቃጠለ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ቴስተሩን ሽቦው ላይ እንዳለ ትታችሁ፣ የጋዝ ፔዳሉን፣ የአየር ግፊቱን፣ የኤሲውን ግፊት ሴንሰር ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዱን ስትነቅሉ 5 ቮልቱ ተመልሶ ከመጣ ጥፋተኛው እሱ ነው። የካምሻፍቱ ሴንሰር በሰው ጦስ ታስሮ ነበር ማለት ነው።

ማሳው የጠረጠራችሁት ከሆነ ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በማሳው ፒን ላይ አድርጋችሁ ለኩ። የባትሪውን ቮልት ያህል ካላሳየ ማሳው ሙሉ አይደለም።

የምልክቱ ሽቦ ላይ ቮልት ከሌለ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይም ማሳ ነክቷል፣ ወይም ኢሲዩው አይልክም። ይሄን ስድስተኛው ላይ እንለየዋለን።

ሦስቱም ካሉ ሶኬቱን መልሳችሁ ሰኩ። አሁን ምልክቱን እንይ። መርፌውን ከኋላ በምልክቱ ሽቦ በኩል አስገቡ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጡ፣ የካንዴላ ኮይሎቹን ሶኬት ንቀሉ፤ ሞተሩ እጃችሁ ላይ እንዳይነሳ። ማርሹን ነፃ አድርጉ። ካንዴላዎቹን ብታወጡ ደግሞ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል። ቁልፉን ከፍታችሁ የክራንክሻፍቱን ፑሊ ብሎን በቁልፍ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ። ወደ ኋላ ብታዞሩት ብሎኑ ሊላላ ይችላል። ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ ዜሮ እያለ መዝለል አለበት። ካልዘለለና ሦስቱም ሽቦ ደህና ከሆነ፣ አሁን ገና ሴንሰሩን መክሰስ ትችላላችሁ።

ከመክሰሳችሁ በፊት አንድ ማጣሪያ። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ የምልክቱን ፒን ብቻ በቀጭን ሽቦ ማሳ አስነኩትና ቮልቱን እዩ። ወደ ዜሮ ወርዶ ስትለቁት ከተመለሰ ሽቦው እስከ ኢሲዩ ድረስ ሙሉ ነው። ግን ልብ አድርጉ፦ የምልክቱን ፒን። የኤሌክትሪኩን ሽቦ ማሳ ብታስነኩት ፊውዝ ይበላል ወይም 5 ቮልቱን ትገድሉታላችሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በልኬት ሳታረጋግጡ አትሞክሩት። በሽቦ ቀለም አትመኑ፤ ከናንተ በፊት ማን እጁን እንዳስገባበት አታውቁም።

ሁለት ሽቦ ያለው

ይሄ አጭር ነው። ቁልፉን ዝጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። በሴንሰሩ ሁለት ፒኖች መካከል ኦም (ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም) ለኩ። አብዛኞቹ ከጥቂት መቶ ኦም እስከ 3 ሺህ ኦም ባለው ውስጥ ናቸው። የእናንተን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ከሞተሩ መመሪያ እዩ፤ ሲሞቅ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደንብ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ዜሮ ካለ ውስጡ ተነካክቷል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ሞተሩ ብረት ለኩ፤ ምንም ማንበብ የለበትም።

ቀጥሎ ቴስተሩን የተለዋዋጭ ቮልት (AC) ላይ አድርጋችሁ በሁለቱ የሴንሰር ፒኖች ላይ ያዙና ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ትንሽ ቮልት ይታያል፤ ዙሩ ሲጨምር ይጨምራል። ምንም ከሌለ፣ ኦሙ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሴንሰሩ ከጥርሱ ርቋል ወይም ጥርሱ ራሱ ችግር አለበት።

የሁለት ሽቦው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ከተቀያየሩ ምልክቱ ይገለበጣል። ሶኬት ቀጥለው የገጠሙ ሰዎች ይሄን ስህተት ይሠራሉ፤ ኦሙ ያው ነው፣ ቮልቱ ያው ነው፣ ኮዱ ግን አይጠፋም። ሌላም አለ። ብዙዎቹ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙ ናቸው ወይም መከላከያ መረብ አላቸው። ለጌጥ አይደለም። ከዲናሞውና ከኮይሎቹ የሚመጣውን ጩኸት ይከለክላሉ። ስትቀጥሉ ጠማዝዛችሁ ቀጥሉ፣ መረቡንም መልሱ።

ስድስተኛ፦ ከሶኬቱ እስከ ኢሲዩ

የባትሪውን ነጋቲቭ ፍቱ። የኢሲዩውን ሶኬት ንቀሉ። በብዙ መኪና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወይም ሞተሩ ክፍል ውስጥ ነው። የሽቦ ሥዕሉን ከስልካችሁ አውጥታችሁ ፒኑን ለዩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ከዚያ ያንኑ ሽቦ ወደ ማሳ ለኩ፤ ምንም አያንብብ።

ግን ኦም ያታልላል። አሥር ክር ካለው ሽቦ ዘጠኙ ተበጥሶ አንዱ ቢቀር ቴስተሩ «ደህና ነው» ይላችኋል። እዚህ ጋ ነው አምፖሏ የምትፈለገው። ሁለቱም ጫፍ መነቀሉን አረጋግጡ፤ ኢሲዩ ላይ የተሰካ ሽቦ ላይ አምፖል አታድርጉ። ከዚያ በተነቀለው ሽቦ በኩል ከባትሪው ትንሿን የ5 ዋት አምፖል አብሩ። ቦግ ካለች ሽቦው ሰው ነው። ድንግዝግዝ ካለች በመሃል የታመመ ቦታ አለ። ሽቦውን እየነካካችሁ ፈልጉት።

የሚመጣ የሚሄደው

አሁን ወደ ቪትዟ። ባለ ሁለት ሽቦ ናት። እኔ ጋ ስትመጣ ሁሉም ልኬት ደህና ነበር። ኦሙ ደህና፣ ሽቦው ደህና፣ ባትሪው ደህና። ሹፌሩ ፊቴን እያየ «ጋሼ፣ አንተም?» ያለ ይመስላል።

ፍሪዝ ፍሬሙን አየሁት። ኮዱ የተጻፈው ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መኪናዋ እየሄደች ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። ከውርጭ ተነስታችሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ከዚህ የተሻለ መፈተሻ ክፍል የትም የለም። ቀዝቅዞ የሚሠራ፣ ሞቆ የሚጠፋ ነገር ካለ ይቺ መንገድ ታወጣዋለች።

እኔ ግን ለቪትዟ ብዬ ሸዋ ሮቢት ድረስ አልወርድም። የፀጉር ማድረቂያው ለዚህ ነው። ሴንሰሩ ላይ ኦም እየለካሁ አሞቅሁት። ቁጥሩ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ እንደ ደንቡ። አልተበጠሰም። ሴንሰሩ ንጹሕ ነው።

ከዚያ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁና ከኢሲዩው በኩል ባለው ሶኬት ለካሁ። ለባለ ሁለት ሽቦ ይሄን ልኬት እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሴንሰሩን፣ ሁለቱን ሽቦና ሶኬቱን በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል። ደህና ቁጥር አሳየኝ። ሹፌሩን «ሶኬቷን ቀስ ብለህ ነቅንቃት» አልኩት። ነቀነቃት። ቁጥሩ ጠፋ። ተመለሰ። ጠፋ።

ፌስታሉን አምጣ አልኩት። ከአሮጌዎቹ ሴንሰሮች አንዱን ወሰድኩና ፒኑን ነቅዬ ብቻውን ሶኬቱ ውስጥ እያስገባሁ አወጣሁ። ደህና ሶኬት ፒኑን ይይዘዋል፤ ስትስቡት ይቆነጥጣል። አንደኛው ቆነጠጠ። ሁለተኛው ምንም። ፒኑ እንደ ሰፊ ጫማ ይገባል፣ ይወጣል። ቀዝቃዛ ሲሆን በመከራ ይነካል፤ ሞተሩ ሲሞቅና መንገዱ ሲያንቀጠቅጥ ይለቃል።

ማን አሰፋው? አንዱ መካኒክ ወፍራሙን የቴስተር ጫፍ ከፊት ጎስጉሶበት ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ልፈርድበትም አልችልም። እኔም ሥራ ስጀምር ስንት ሶኬት በዚህ መንገድ እንደገደልኩ እግዜር ይወቀው። ከኋላ በመርፌ ለኩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ፒኗን ከሶኬቱ አውጥቼ በአዲስ ፒን ቀየርኳት። ከሴንሰር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አዲስ ፒን ካጣችሁ በቀጭን መርፌ ምላሷን ቀና ማድረግ ይቻላል፤ ግን እሱ ለመንገድ የሚሆን እንጂ የሚዘልቅ ጥገና አይደለም።

ሁሉም ደህና ሆኖ ኮዱ ካልጠፋ

ሴንሰሩን ፍቱት። ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ተለጥፎ ከሆነ ጥረጉት፤ ብናኙ ከየት እንደመጣ ግን አስቡ። በቀዳዳው በኩል በባትሪ መብራት እያያችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ጥርሱ የተሰበረ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ይታያል።

ፒ0341 ወይም ፒ0016 ካለ፣ ጠዋት ሲነሳ ደግሞ ከሰንሰለቱ በኩል የመንኳኳት ድምፅ ካለ፣ ሰንሰለቱ ተስቦ ወይም ጥርስ ዘሎ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን መጠንና ንጽሕና እዩ። የቫልቭ ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍል የሚሠራው በሞተር ዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ካምሻፍቱ በሰዓቱ አይደርስም፣ ወቀሳው ግን ሴንሰሩ ላይ ይወድቃል። ይሄ የሴንሰር ሥራ ስላልሆነ የሞተር ሰው ጋ ውሰዱት።

ኢሲዩውን የመጨረሻ አድርጉ። እኔ ጋ «ኢሲዩ ነው» ተብለው ከመጡት አብዛኞቹ ማሳ ሆነው ተገኝተዋል።

ሴንሰሩ ራሱ ከሆነ

የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። የክፍል ቁጥሩን አስተያዩ፤ መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ አትግዙ። ከመግጠማችሁ በፊት አዲሱን እዚያው ሱቁ በር ላይ ለኩት፤ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ በኦም ይታወቃል። የጎማ ቀለበቱን በሞተር ዘይት ቀቡ። ብሎኑን ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ኃይል አጥብቁ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ጉልበተኛ ክሩን ይጨርሰዋል።

አሁን ኮዱን አጥፉ። ከዚያ አንድ ጊዜ አስነስታችሁ «ተስተካክሏል» አትበሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይነሳ፣ በደንብ ይሙቅ፣ ይቁም፣ ሞቆ እንደገና ይነሳ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ጣርማበርን ተሻግራችሁ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ብትወርዱና ብትመለሱ ይበቃል፤ ቆሎም ገዝታችሁ ትመጣላችሁ። ስትመለሱ መብራቱን ብቻ አትዩ። አንዳንድ መኪና ጥፋቱን ሁለት ጉዞ ላይ ካላየ መብራቱን አያበራም። ማሽኑን ሰክታችሁ ፔንዲንግ የሚለውን፣ ገና መብራት ያላበራ ኮድ የሚቀመጥበትን፣ ክፈቱ። እዚያ ውስጥ ፒ0340 ተደብቆ ካለ፣ ሶኬቱን ገና አልነቀነቃችሁትም።